ሳይቸኩሉ ማስጨፈር

በ1970ዎቹ መጀመሪያ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ኒውዮርክ አጠገብ ፋየር አይላንድ በምትባል የመዝናኛ ደሴት ላይ ቶም ሞልተን የተባለ ሰው ጨፋሪዎችን ቁጭ ብሎ ሲመለከት አንድ ነገር ታዘበ። ሰዉ ገና መሟሟቅ ሲጀምር ዘፈኑ ያልቃል። ያኔ የአንድ ዘፈን ርዝመት ሦስት ደቂቃ ገደማ ነበር። ቀጣዩ ዘፈን በሌላ ፍጥነትና በሌላ ስሜት ሲጀምር ግማሹ ጨፋሪ መድረኩን ለቆ ወደ መቀመጫው ይመለሳል። ሞልተን ቤቱ ገብቶ፣ ዘፈኖቹ ሳይቋረጡ የሚያያዙበትና ስሜቱ ቀስ በቀስ የሚያድግበት የ45 ደቂቃ ቴፕ ሠራ። ለዚያች 45 ደቂቃ 80 ሰዓት እንደፈጀበት በኋላ ተናግሯል።

ሁለት ሸክላዎችን ምታቸውን አስተካክሎ ማደራረብን እዚያው ኒውዮርክ ውስጥ፣ ሳንክቹዋሪ በተባለው ጭፈራ ቤት የሚሠራው ፍራንሲስ ግራሶ ትንሽ ቀደም ብሎ አሳይቶ ነበር። ሞልተን ያመጣው አዲስ ነገር ምሽቱን በሙሉ እንደ አንድ ድርሰት ማየቱ ነው። በ1975 በወጣው የግሎሪያ ጌይነር አልበም አንደኛው ፊት ላይ ሦስት ዘፈኖችን አያይዞ 19 ደቂቃ ያህል ያለ ዕረፍት እንዲሄዱ አደረገ። ከዚያ ወዲህ የመጣ ማንኛውም ዲጄ የሚመልሰው ጥያቄ ያኔ ተጠየቀ፤ የትኛውን ዘፈን ልስጣቸው ከሚለው በላይ፣ መቼ ልስጣቸው የሚለው።

ጥያቄው ተስማሚ መሣሪያ ያገኘው በ1979 ነው። የጃፓኑ ማትሱሺታ ኩባንያ ቴክኒክስ ኤስኤል 1200 ኤምኬ 2 የተባለውን የሸክላ ማጫወቻ አወጣ። ማጫወቻው ጎን ላይ ያለች ተንሸራታች መቆጣጠሪያ የሸክላውን ፍጥነት እስከ 8 ከመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ታደርጋለች። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ወደ 130 ሊጠጋ ይችላል ማለት ነው። በእነዚያው ዓመታት ሺካጎ ውስጥ ዌርሃውስ በሚባል ክለብ ፍራንኪ ናክልስ የሚያጫውተው ሙዚቃ ከክለቡ ስም ላይ ተቆርጦ «ሀውስ» ተባለ። በ1980ዎቹ ማብቂያ ደግሞ ይኸው ሙዚቃ አትላንቲክን ተሻግሮ የእንግሊዝን ወጣት አጥለቀለቀው።

ከእነዚያ ወጣቶች አንዱ በ1969 ዌልስ ውስጥ ባንጎር ከተማ የተወለደው አሌክሳንደር ኮ ነበር። የማንቸስተሩን ሀሲየንዳ ክለብ አንዴ ካየ በኋላ ሌላ ሕይወት አላማረውም። ማጫወቻ ገዝቶ ልምምድ ጀመረ፤ ስሙንም ሳሻ አለ። በ1990 ስቶክ ኦን ትሬንት በምትባለው የሸክላ ዕቃ ሠራተኞች ከተማ፣ ሼሊስ በተባለ ክለብ መደበኛ ዲጄ ሆኖ ሲቀጠር ዝናው ከክለቡ ግድግዳ አልፎ ወጣ። ሰው ከሩቅ ከተማ በአውቶቡስ ተጭኖ ይመጣ ነበር። ሚክስማግ የተባለው የዳንስ ሙዚቃ መጽሔት ፎቶውን ሽፋኑ ላይ ካወጣ በኋላ፣ በ1994 ደግሞ «የእግዚአብሔር ልጅ?» የሚል ርዕስ ሰጥቶ ድጋሚ አወጣው። ርዕሱ ድፍረት ነበረበት፤ የዘመኑን ስካር ግን በደንብ ያሳያል። ሌላ ሰው የሠራውን ሙዚቃ የሚያጫውት ሰው እንዲህ መወደሱ ለብዙ ሙዚቀኛ ግራ የሚያጋባ ነበር።

በ1992 ጄፍ ኦክስ የተባለ አዘጋጅ ማንስፊልድ ውስጥ ቬንዩ 44 በሚባል አዳራሽ ሬኔሳንስ የተሰኘ የጭፈራ ምሽት ከፈተ። የማዕድን ሠራተኞች ከተማ ውስጥ አዳራሹን በጣሊያን ጥንታዊ ሥዕሎችና ሐውልቶች አምሳያ አስጌጠው። ላብና ጭቃ የለመደው ጨፋሪ ለብሶ፣ አጊጦ መምጣት ጀመረ። ሙዚቃውም አብሮ ተለወጠ፤ ረዘመ፣ ዜማ በዛበት፣ ቤዙ ጠለቀ።

ለዚህ ሙዚቃ ስም ያወጣለት ዶም ፊሊፕስ ነው። በጁን 1992 ሚክስማግ ላይ በጻፈው ጽሑፍ፣ ሌፍትፊልድን የመሳሰሉ የእንግሊዝ ቡድኖችና በዊልያም ኦርቢት የሚመራው ገሪላ ሬከርድስ የሚያወጡትን ሥራ «ፕሮግረሲቭ ሀውስ» አለው። ቃሉ ወደፊት የሚሄድ፣ እያደገ የሚመጣ ሙዚቃን ያመለክታል። አንድ ዘፈን ስምንት ወይም ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል፤ በየግማሽ ደቂቃው አንድ ነገር ይገባል ወይም ይወጣል፤ ዘፋኝ ካለ ጥቂት ቃላት ብቻ ይላል። በሬዲዮ ለብቻው ሲሰማ ገና ያልተጨረሰ ሥራ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያቱም ከፊቱና ከኋላው ሌላ ዘፈን እንዲኖር ታስቦ የተሠራ ነው።

ሬኔሳንስ ሳሻን ዋና ዲጄው አደረገ። ሁለተኛው ሰው የመጣው በፖስታ ነው ማለት ይቻላል። ጆን ዲግዊድ በ1967 በእንግሊዝ ደቡባዊ ዳርቻ ሄስቲንግስ ከተማ ተወልዶ፣ እዚያው ወደ ባሕር በተዘረጋው መዝናኛ ድልድይ ላይ የራሱን የጭፈራ ምሽቶች ያዘጋጅ ነበር። የሠራውን ካሴት ለኦክስ ላከ፤ ኦክስ ሰማውና ቀጠረው። ሁለቱ ዲጄዎች ጠባያቸው ለየቅል ነው። ሳሻ ስሜቱ የመራውን የሚከተልና አድማጭን በድንገት የሚያስደነግጥ ነው፤ ዲግዊድ ደግሞ የሚመጣውን አንድ ሰዓት ቀድሞ ያሰላል። ከዚህ በኋላ የሚነገረው ታሪክ የሁለቱ ጠባይ ሲጣመር የተፈጠረ ነው ብሎ ማመን ይቻላል።

በዚያ ዘመን የዲጄ ሥራ የሚሰራጨው በካሴት ነበር። ክለብ ውስጥ የተቀዳው ምሽት ተባዝቶ በገበያ ድንኳንና በመኪና ማቆሚያ ይሸጣል፤ ለዘፈኖቹ ባለቤቶች የሚደርሳቸው ሳንቲም የለም። ሕጋዊ የሚክስ አልበም፣ ማለትም ዲጄው ዘፈኖችን ሳይቋረጡ ያያያዘበት አልበም፣ ለመሥራት የእያንዳንዱን ዘፈን ባለመብት ፈልጎ ማስፈቀድ ግድ ይላል። በ1993 ቢሊ ናስቲ የሠራውን ቅጂ ይዞ የወጣው «ጀርኒስ ባይ ዲጄ» መንገዱን ካሳዩት አንዱ ሆነ። በኦክቶበር 1994 ግን «ሬኔሳንስ፦ ዘ ሚክስ ኮሌክሽን» በሦስት ሲዲ ታትሞ ሲወጣ ነገሩ መልኩን ቀየረ። ሳሻና ዲግዊድ በማንስፊልድ ያጫወቱትን፣ የኤም ፒፕልን «ሃው ካን አይ ላቭ ዩ ሞር» ጨምሮ፣ በጥንቃቄ በታተመ ሽፋን ጠቅልለው ሱቅ ውስጥ አኖሩት። ክለቡን በእግሩ ረግጦ የማያውቅ ሰው ሌሊቱን ገዝቶ ወደ ቤቱ መውሰድ ቻለ።

በሚቀጥለው ወር የእንግሊዝ ፓርላማ ያጸደቀው የወንጀል ፍትሕና የሕዝብ ሥርዓት ሕግ ሥራ ላይ የሚውልበትን ፊርማ አገኘ። ሕጉ ለፖሊስ ያለ ፈቃድ ሜዳ ላይ የሚደረግ የጭፈራ ስብሰባን የመበተን ሥልጣን የሰጠ ሲሆን፣ የሚከለከለውን ሙዚቃ ሲተረጉም ተከታታይና ተደጋጋሚ ምቶችን ጠቅሷል። ሜዳው ሲዘጋ ፈቃድ ያለው ክለብና ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው ሲዲ ተጠቀሙ። ሙዚቃው ከሜዳ ወደ መኪና፣ ወደ ሳሎን፣ ወደ ጆሮ ማዳመጫ ገባ።

ይህ ለውጥ ሳሻንና ዲግዊድን አዲስ ጥያቄ ላይ ጣላቸው። ቤቱ ተቀምጦ የሚሰማ ሰው ፊት ለፊት አይታይም፤ እጁን ሲያነሳ አይቶ ዘፈን መቀየር አይቻልም። የሚክስ አልበም የክለቡ ፎቶግራፍ ብቻ መሆኑ ይበቃል ወይስ የራሱ ሕግ ያለው ሌላ ሥራ መሆን አለበት?

መልሳቸው በ1996 ወጣ። «ኖርዘርን ኤክስፖዠር» ደቡብ ለንደን ውስጥ ባለው የሚኒስትሪ ኦፍ ሳውንድ ክለብ የሙዚቃ ድርጅት የታተመ ሁለት ሲዲ ነው፤ አንዱ ሰሜን ሌላው ደቡብ ተብሎ ተሰይሟል። የሰሜኑ ዲስክ ለጭፈራ ሙዚቃ ባልተለመደ እርጋታ ይከፈታል። ሀውስን ሀውስ የሚያሰኘው፣ በእያንዳንዱ ምት ላይ የሚወርደው ከበሮ አስቀድሞ አይመጣም። በቦታው የሲንተሳይዘር ድምፆች፣ ራቅ ያለ የሰው ድምፅና የተሰባበረ ዝግ ያለ ምት አለ። ሌላ ዲጄ ቢሆን ሰው እንዳይሰለች ብሎ በሁለተኛው ዘፈን ላይ የሚያውቁትን ዜማ ይሰጥ ነበር። እነሱ ግን ያዘገያሉ። ዋናው ከበሮ ሲገባ አድማጩ እስኪጓጓ ድረስ ጠብቆታል፣ እናም ተራ ምት የነበረው ነገር እንደ ስጦታ ይሰማል።

የዚህ አሠራር ስሌት ቀላል ይመስላል። አብዛኛው ፕሮግረሲቭ ሀውስ በደቂቃ ከ120 እስከ 135 ምት ባለው ክልል ውስጥ ይንቀሳቀሳል። ሙዚቀኞች ባር የሚሏት ክፍል አራት ምት አላት፤ በደቂቃ 128 ምት ያለው ዘፈን 32 ባር ለመጨረስ ልክ አንድ ደቂቃ ይፈጅበታል። አዲስ ድምፅ የሚገባው በ8፣ በ16 ወይም በ32 ባር ድንበር ላይ ነው። ጨፋሪው ባይቆጥረውም እግሩ ያውቀዋል። ስለዚህ ሁለት ዘፈኖችን ለሁለት ደቂቃ ማደራረብ የሚፈልግ ዲጄ 64 ባር ሙሉ ድንበራቸውን አስታርቆ መያዝ አለበት። ከዚያ ቤዝ አለ። የሁለት ዘፈኖች ቤዝ አንድ ላይ ሲወርድ ድምፁ ይደፈርሳል፤ ዲጄው በሚክሰሩ የአንዱን ቤዝ ቆርጦ፣ ድንበሩ ሲደርስ በሌላው ይተካዋል። በመጨረሻም ቃና አለ። ቃናቸው የማይስማማ ዘፈኖች ምታቸው ቢገጥምም ጆሮ ይጎረብጣሉ።

እነዚህን ሦስቱን የቻለ ሰው ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ከባዱ ነገር ልኩ ነው። ፍጥነቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በአምስት ወይም በስድስት ምት ቢጨምር ማንም ሳያውቀው ያድጋል፤ በአንድ ዘፈን ቢጨምር ሰው ይነቃል። ከትልቅ ዘፈን በኋላ ሌላ ትልቅ ዘፈን ከመጣ ሁለተኛው ያንሳል፤ በመካከላቸው ጠፍጣፋ የሚመስል፣ ለብቻው ማንም የማያስታውሰው ዘፈን ያስፈልጋል። እንዲህ ያለውን ዘፈን መርጦ በቦታው ማስቀመጥ የዲጄው ዋና ችሎታ ነው፤ አጨብጫቢ ባይኖረውም። በማሕሌት ያደገ ኢትዮጵያዊ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። በቁም ዜማ ተጀምሮ በመቋሚያ ወደ ዝማሜ፣ በከበሮ ወደ መረግድ፣ በመጨረሻ ወደ ጽፋት የሚፈጥነው ሥርዓት ዓላማው ፈጽሞ ሌላ ቢሆንም፣ አንድን ነገር ደረጃ በደረጃ ማሳደግ ምን እንደሚያደርግ ያሳያል።

አልበሙ ተከታዮች አፈራ። በ1997 በአሜሪካ ምሥራቅና ምዕራብ ዳርቻ የተሰየሙ ሁለት ቅጂዎች፣ በ1999 ደግሞ ሦስተኛው ክፍል ወጡ። የሲዲ ርዝመት 74 ደቂቃ ገደማ በመሆኑ ሁለት ዲስክ ሁለት ምዕራፍ ይሆናል። አንዱ ዲስክ ለሌሊቱ መጀመሪያ፣ ሌላው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ላለው ሰዓት ይሆናል። ይህ አከፋፈል ለዓመታት የዘርፉ ደንብ ሆኖ ኖረ።

በዚያው በ1996 ኒውካስል ውስጥ አንዲ ሆርስፊልድና ጄምስ ቶድ «ግሎባል አንደርግራውንድ» የተሰኘውን ተከታታይ ጀመሩ። እያንዳንዱ አልበም በአንድ ዲጄና በአንድ ከተማ ይሰየማል። የመጀመሪያው የቶኒ ዴ ቪት ቴል አቪቭ ነበር። ዲግዊድ ሲድኒን፣ ሆንግ ኮንግንና ሎስ አንጀለስን፣ ሳሻ ሳን ፍራንሲስኮንና ኢቢዛን ወሰዱ፤ ኒክ ዋረን፣ ዴቭ ሲማንና ዳኒ ቴናግሊያም ተሳተፉ። ሀሳቡ ጥሩ ነበር፤ ሆኖም አብዛኞቹ ቅጂዎች ከተማው ላይ ከተጫወተው ምሽት ይልቅ በኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የተስተካከሉ ናቸው። ይህን እንደ ማጭበርበር የቆጠሩ ነበሩ። ፍርዱ ግን ትክክል አይመስልም። ክለብ ውስጥ ስድስት ሰዓት የፈጀውን ጉዞ በሁለት ዲስክ ማሳጠር እንደገና መጻፍን ይጠይቃል፤ ያለ ማስተካከያ የተቀዳ ምሽት ብዙ ጊዜ ከግድግዳው ውጭ ሕይወት የለውም።

ስድስት ሰዓቱን በእውነት ማየት የፈለገ ደግሞ ኒውዮርክ ይሄድ ነበር። ከ1997 እስከ 2001 ሳሻና ዲግዊድ በማንሃታን 27ኛው ጎዳና ላይ በነበረው ትዊሎ በወር አንድ ዓርብ ሌሊት አብረው ያጫውታሉ፤ ጀምበር ወጥታም አያቆሙም። ሁለቱ እየተፈራረቁ ለረጅም ሰዓት ሲጫወቱ የመጀመሪያውን ሰዓት ለማሟሟቂያ ብቻ መስጠት ይችላሉ። ሳሻ በ1999 ያወጣው «ኤክስፓንደር» የዚህ ትዕግሥት ልጅ ነው፤ አንድ ዘፈን ሆኖ ከአሥር ደቂቃ በላይ ይሄዳል፤ ዋናው ዜማው ተሸፍኖ ቆይቶ ነው ቀስ እያለ የሚገለጠው። በ2000 «ኮሚዩኒኬት» የተባለው የጋራ አልበማቸው ወጣ፤ በ2001 ትዊሎ ተዘጋ።

ከዚያ በኋላ ዘርፉ ደከመ። ሙዚቃው እየጨለመና እየከበደ ሄደ፤ ብዙ ዲጄ ማዘግየትን እንጂ ማድረስን አልተማረም፤ አድማጭ ጠብቆ ጠብቆ ባዶ እጁን ይመለስ ጀመር። የእንግሊዝ ትልልቅ ክለቦች ገበያቸው ቀነሰ። ሚክስ በኢንተርኔት በነጻ ሲገኝ ሁለት ሲዲ የሚገዛ ሰው እየሳሳ መጣ።

ሳሻ በ2004 «ኢንቮልቨር»ን ያወጣው በዚህ ጊዜ ነው፤ የዚህ ታሪክ ከፍተኛው ቦታም እሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በርሊን የተመሠረተው ኤብልተን ኩባንያ በ2001 ላይቭ የተባለ ፕሮግራም አውጥቶ ነበር። ፕሮግራሙ ድምፅን ቃናውን ሳይለውጥ ማፍጠንና ማዘግየት፣ በትንንሽ ቁራጭ ከፋፍሎም በምቱ ላይ መደርደር ይችላል። ሳሻ ያለቀለትን ዘፈን መቀበሉን ተወ። ከባለቤቶቹ የዘፈኖቹን ክፍሎች ለየብቻ ጠየቀ፤ ድምፁን ብቻ፣ ጊታሩን ብቻ፣ ከበሮውን ብቻ። ከዚያ እያንዳንዱን ከመሠረቱ እንደገና ገነባው።

አመራረጡም ደፋር ነበር። አልበሙ የሚከፈተው ግራንድ ናሽናል በተባለው የለንደን ባንድ ዘፈን ነው፤ ክለብ ውስጥ ለመጨፈር የተሠራ አልነበረም። ሽፖንግል ይከተላል፤ ከዚያም ስፑኪ፣ ሎስቴፕ፣ አንክል፣ ጀርመናዊው ኡልሪክ ሽናውስ፣ ፌሊክስ ዳ ሃውስካት። እነዚህን ሰዎች አንድ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ የሸክላ ሱቅ ማግኘት ያዳግታል። ክፍሎቹ በእጁ ስለነበሩ ግን የአንዱን ዘፈን ቤዝ ከሌላው ዜማ ሥር አስገብቶ፣ የሦስተኛውን ድምፃዊ ከሩቅ አስቀድሞ አሰማ። ድንበሩ ጠፋ። ድሮ የሚክስ ፍጥነት የሚወሰነው በዘፈኖች ቅደም ተከተል ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ዘፈን በውስጡ ረዘመ፣ ተጨመቀ፣ ዘገየ። የፌሊክስ ዳ ሃውስካት «ዋቺንግ ካርስ ጎ ባይ» በሳሻ እጅ ተሠርቶ ለግራሚ ሽልማት ዕጩ ሆነ።

በሚቀጥለው ዓመት በወጣው «ፈንዳሲዮን ኒውዮርክ» ሳሻ ፕሮግራሙን በጣቱ የሚያዝበት ለብቻው የተሠራለትን ማቨን የተባለ መቆጣጠሪያ ይዞ መጣ፤ በ2008ና በ2013 የኢንቮልቨር ሁለተኛና ሦስተኛ ክፍሎች ተከተሉ። ዲግዊድ በሌላ መንገድ ሄደ። ቤድሮክ በተባለው የራሱ ድርጅት ኮርዶባን፣ ሞንትሪያልንና ቶኪዮን በመሳሰሉ ከተሞች ያጫወታቸውን ረጃጅም ምሽቶች በብዙ ሲዲ ማሳተሙን አላቆመም።

ለዚህ ሁሉ ሥጋት የሆነው ዛሬ ሙዚቃ የሚሰማበት መንገድ ነው። በስልክ ላይ የሚክስ አልበም በዘፈን በዘፈን ይቆራረጣል፤ ቅደም ተከተሉ ይደባለቃል፤ በመሀል ዝምታ ይገባል። የብዙ ባለመብቶችን ፈቃድ በአንድ ላይ ማግኘት ከባድ በመሆኑ ከ1990ዎቹ ሥራዎች ብዙዎቹ በሕጋዊ መንገድ የሚሰሙበት ቦታ የላቸውም። አፕል ኩባንያ በ2021 በሻዛም ቴክኖሎጂ በሚክስ ውስጥ ያሉትን ዘፈኖች እየለየ ለባለቤቶቻቸው የሚከፍልበትን አሠራር ማስታወቁ ለአዲሶቹ በር ከፍቷል፤ ለአሮጌዎቹ ግን ዛሬም ያገለገለ ሲዲ መፈለግ ይሻላል።

ለዘርፉ ስም ያወጣው ዶም ፊሊፕስ በኋላ የሚክስማግ አዘጋጅ ሆኖ፣ ቆይቶም ብራዚል ገብቶ የአማዞንን ደን ውድመት የሚዘግብ ጋዜጠኛ ሆነ። በጁን 2022 በጃቫሪ ሸለቆ ለሥራ በሄደበት ከብራዚላዊው የነባር ሕዝቦች ተሟጋች ብሩኖ ፔሬይራ ጋር ተገደለ።

ይህን ሙዚቃ ከዚህ በፊት ሰምተው የማያውቁ አንባቢዎች በ«ኖርዘርን ኤክስፖዠር» የሰሜን ዲስክ ይጀምሩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ሳያዘልሉ ይስሙት። የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ምንም የማይሆንባቸው ቢመስሉም አይለፏቸው፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ የተሠራው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ «ኢንቮልቨር»ን ያስከትሉ፣ በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው ምን ያህል እንደተጓዘ ጆሮዎ ይነግርዎታል።